ኅዳር ሲታጠን

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ አዲስ አበባ ጢስ ለብሳ ትነቃለች። ከጉለሌ እስከ ቂርቆስ፣ ከየካ እስከ ኮልፌ፣ ዋዜማውን ሲጠረግ የዋለው ጉድፍ በየግቢው ደጃፍ ተከምሮ እሳት ይለኮስበታል። የደረቀ ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳ፣ ያረጀ ሰሌን፣ የተቀደደ ጆንያ፣ ከአልጋ ሥር የወጣ ጨርቅ ሁሉ ይነድዳል። እናቶች የነጠላቸውን ጫፍ አፍና አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው እሳቱን በእንጨት ይቆሰቁሳሉ። ልጆች ዓይናቸውን እያሹ በጢሱ መሐል ይሯሯጣሉ። ከወዲያ ማዶ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆም ያደረው ማሕሌት እያለቀ ከበሮው ይሰማል፤ ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነውና። ሕዝቡ ቀኑን «ኅዳር ሲታጠን» ይለዋል።

ለምን ይታጠናል ተብሎ ቢጠየቅ ትልቁም ትንሹም «በሽታ እንዲጠፋ» ብሎ ይመልሳል። የትኛው በሽታ እንደሆነ የሚያውቀው ግን እየተመናመነ ነው። ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያች የጢስ ማለዳ ጀርባ ያለው ታሪክ ለኢትዮጵያ ክርስቲያን በመከራ ቀን እግዚአብሔርን መታመን ምን ማለት እንደነበር ያሳያል። በአገሩ ልማድ ታምኖ መኖር ሥራ ነበረው። ዶማ ይጨበጥበታል፣ መጥረጊያ ይያዝበታል፣ ባዶ ከሆነው ጎተራ ላይ ለድሃ ይቆነጠርበታል።

በዚያ ዕለት በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ስንክሳር ራሱ የችግር ቀን ታሪክ ነው። ዱራታዎስና ሚስቱ ቴዎብስታ ወር በገባ በ12ኛው ቀን የሚካኤልን መታሰቢያ እያደረጉ ድሆችን የሚያበሉ ባለጸጎች ነበሩ። ከዚያ ድርቅ መጣ፤ ያላቸው ሁሉ አለቀ። በዓሉ ሲደርስ በቤት የቀረው የለበሱት ልብስ ብቻ ነበር። ባል በግ ሊገዛበት ልብሱን ይዞ ወጣ። በመንገድ ላይ አንድ መኮንን የሚመስል ፈረሰኛ አገኘውና በእኔ ዋስትና በጉን ከእረኛው፣ ዓሣውን ከዓሣ አጥማጁ፣ ስንዴውን ከባለስንዴው በዱቤ ውሰድ፤ ዓሣውን ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትከፍተው አለው። ቤቱ ሲመለስ ጎተራው ሞልቶ ጠበቀው፤ ድሃውም እንደ ወትሮው በላ። ማምሻውን እንግዳው መጥቶ የዓሣው ሆድ ሲሰነጠቅ 300 የወርቅ ዲናር ወጣ። ፈረሰኛው ሚካኤል ነበር።

ይህን ታሪክ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሠዓሊዎች ስለውታል። ካህኑ ሲተርከው ሕዝቡ በጣም የሚወደው ወርቁን ይመስላል። ነገር ግን አንዲት ቁም ነገር አለች። መልአኩ ወርቁን ሲሰጥ አስቀድሞ እዳችሁን ክፈሉ ብሎ ነው ያዘዘው፤ ለእረኛው፣ ለዓሣ አጥማጁና ለባለስንዴው። ባልና ሚስቱም ከጎተራው መሙላት በፊት ልብሳቸውን ለመሸጥ ቆርጠው ነበር። በየወሩ በ12ኛው ቀን ጽዋ የሚጠጡት የሚካኤል ማኅበርተኞች ዳቦውን ቆርሰው ከደጅ ለተቀመጠው ነዳይ ድርሻ የሚያወጡት ይህን እየሰሙ ስላደጉ ነው።

እንዲህ ያለ እምነት በጥጋብ ዘመን ቀላል ነው። ፈተናው በ1880 ዓ.ም. ገደማ መጣ።

ያን ዘመን ኢትዮጵያውያን እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ይሉታል። ጣልያኖች ለምጽዋ ጦራቸው ከህንድ ባስመጧቸው ከብቶች የገባው በሽታ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ደጋውን ወጣ። አርሶ አደሩ «ደስታ» ብሎ የሚጠራው የከብት በሽታ ነው። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በዚያው ላይ ዝናብ ቀረ፤ ቀጥሎ አንበጣ፣ ተምችና አይጥ ተከታተሉበት። ገበሬ በሬ ከሌለው ምን እንደሚሆን ለከተሜው ማስረዳት ይከብዳል። ጥማድ በሬ ከሌለ ሞፈርና ቀንበሩ እንጨት ብቻ ናቸው። ዘር ቢኖርም መሬቱ አይገለበጥም፤ ዝናብ ቢመለስ እንኳ የሚያርስ የለም። ረሃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው ሳያልቅ እንዳልቀረ ይገምታሉ።

አገሪቱ በዚያው መካከል ንጉሠ ነገሥቷን አጣች። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ የሚነግሡለት ሕዝብ በየመንገዱ ይወድቅ ነበር።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ያደረጉትን የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። ምህላ እንዲያዝ አዘዙ። ለተራበው ጎተራቸውን ከፈቱ። ሕዝቡ ከብት አልቆበት ሳለ እኔ የበሬ ሥጋ አልበላም ብለው ተቆጠቡ። ከዚያም ዶማ አንሥተው ቆፈሩ፤ መኳንንቱንም እንዲቆፍሩ አደረጉ። ይህ የመጨረሻው ነገር ክብደት የሚታየው ለዘመኑ ሰው ነው። መኳንንት የእጅ ሥራን በሚንቁበት ዘመን ባለዘውድ ጎንበስ ብሎ አፈር ሲገለብጥ ታየ። ባለሟሉ ከንጉሡ አጠገብ ዝም ብሎ ሊቆም አይችልምና እሱም ጎነበሰ። ገበሬውም በበሬ የለመደውን በክንዱ ሊሞክር ድፍረት አገኘ። የምህላው ደወልና የዶማው ድምፅ በአንድ ሰሞን መሰማታቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንዱ ሌላውን አላስቀረውም።

ምኒልክ ያን ዘመን አልረሱትም። በ1888 ዓ.ም. መባቻ ለጣልያን ወረራ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ እስከዚያ ድረስ የታገሡት የአገሩን ከብት ማለቅና የሰውን መድከም አይተው እንደሆነ ገልጸዋል። ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት ከክፉ ቀን የተረፈ ሰው ነበር።

ምህላ ምን እንደሚመስል ያላየ አንባቢ ሊኖር ስለሚችል ጥቂት ማለት ይገባል። ዝናብ ሲቀር፣ ወረርሽኝ ሲገባ ወይም ጦርነት ሲያሰጋ ደወል ይደወልና ሕዝቡ ጧትና ማታ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይሰበሰባል። አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ወይም ለ7 ቀን ነው። ምሳሌው የነነዌ ሰዎች ንስሐ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ያንኑ በየዓመቱ በ3 ቀን ጾም ታስበዋለች። ካህናቱ ማዕጠንት ይዘው ቤተ መቅደሱን ይዞራሉ። ሕዝቡ ደግሞ እግዚኦታውን 41 ጊዜ ይላል፤ ሲል ይሰግዳል፣ ሲሰግድ ግንባሩ አፈር ይነካል። በገጠር ድንጋይ በትከሻው ወይም በራሱ ተሸክሞ የሚቆም አለ፤ በደሌ ይህን ያህል ይከብዳል ማለቱ ነው። የነነዌ ሰዎች እንስሶቻቸውን ሳይቀር አስጹመዋልና ጥጃውን ከእናቱ የሚለዩ መንደሮችም ነበሩ። ጥጃው ሲያላዝን፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሽማግሌ ሲሰግድ፣ ያ ሁሉ ድምፅ አንድ ልመና ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከምህላው በፊት የሚደረገው ነው። የተጣላ ይታረቃል። ጎረቤቱን ያስቀየመ እግሩ ላይ ይወድቃል፤ ደም የተቃባውን ሽማግሌዎች ይዘው ይገባሉ። ቂም ይዞ እግዚኦ ማለት ከንቱ ድካም ነው ብለው ካህናቱ ያስጠነቅቃሉና። በዚህ መንገድ ከረሃብና ከወረርሽኝ ጋር የሚጋፈጠው መንደር አስቀድሞ እርስ በርሱ ይጠጋገናል። ይህ ለነፍስም ለሥጋም የሚጠቅም ጥበብ ነው።

ከክፉ ቀን 30 ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ መከራ መጣ። በዚህ ጊዜ የመጣበት መንገድ አዲስ ነበር።

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ከባሕር በር እስከ ዋና ከተማው ድረስ ነጋዴ በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅበት የነበረው ጉዞ በጥቂት ቀን ያልቅ ጀመር። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛም ጊዜ አልፈጀበትም። በ1911 ዓ.ም. መኸር ላይ ከተማው ውስጥ ተስፋፋ፤ ኅዳር ላይ በረታ። ኅዳር 2 ቀን በአውሮፓ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ጸጥ ሲል አዲስ አበባ ሬሳ እየቀበረች ነበር። ሕዝቡ የበሽታውን የውጭ ስም አላወቀም፤ በወሩ ስም «የኅዳር በሽታ» አለው። በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል።

ይህ ኢንፍሉዌንዛ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ መርጦ የሚጥል አልነበረም። በየአገሩ እንደታየው ጎልማሳውንም ይጥል ነበር። በአዲስ አበባ ጎጆ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይቻላል። ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቅመው፣ እህል የሚፈጨው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አልጋ ላይ ይወድቃል። እንስራው ይደርቃል፤ ምድጃው ይጠፋል። በሽታው ያልገደለውን ጥምና ረሃብ ይገድለዋል። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነሱም ራሳቸው ይታመሙ ነበር።

በ26 ዓመት ዕድሜያቸው አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጠና ታመሙ። በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ፣ እሳቸውም ከሞት የተረፉት በእግዚአብሔር ቸርነት እንደሆነ ጽፈዋል። የከተማው ነዋሪ በጊዜው 50 ሺህ ገደማ ይገመት ነበርና ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ስለዚያ ወር በሰፊው ከጻፉት አንዱ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ናቸው፤ የሚተርኩት በጊዜው በከተማው የነበረ ወጣት ያየውን ነው።

ለኢትዮጵያዊ ከሞት የሚከፋው ያለ ወግ መቀበር ነው። ፍትሐት ይፈታል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ዘመድ ከሩቅ ይጠራል፣ ሠልስትና አርባ ይወጣል። በኅዳር 1911 ይህ ሁሉ ተሰበረ። መቃብር የሚቆፍር ጉልበተኛ ጠፍቶ በአንድ ጉድጓድ ብዙ ሬሳ ተቀበረ። ፈቺው ካህን ራሱ ታሟል ወይም ሞቷል። አልቃሽ የለም፤ ደረት የሚመታ የለም። ከጎጆው ወጥቶ ጎረቤቱን ለመቅበር የደፈረ ሰው ነገ እሱም እንደሚወድቅ እያወቀ ነበር የሚሄደው። ስማቸው ያልተጻፈ እነዚያ ቀባሪዎች፣ የታመመ ጎረቤታቸውን ደጅ አንኳኩተው ውኃ ያቀበሉ ሴቶች፣ ከአልጋቸው ተነሥተው ማዕጠንት ያነሡ ካህናት የዚያ ዘመን እውነተኛ ታማኞች ናቸው። የእግዚአብሔርን ጥበቃ ታምነው ወጡ እንጂ ታምነው ቤታቸው አልተቀመጡም።

የሚካኤል በዓል የደረሰው በዚሁ የሞት ወር መካከል ነበር።

እንደ ከተማው ትውፊት ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ግቢውን ጠረገ፤ የታመመ የተኛበትን ጨርቅና ጉድፉን ሁሉ አውጥቶ አቃጠለ፤ መንደሩንም በጢስ አጠነ። አማርኛው ራሱ ለዚህ የተዘጋጀ ይመስላል። «ማጠን» ካህኑ በመቅደስ የሚያደርገው ነው፤ እጣኑን ፍሙ ላይ ጨምሮ ጢሱን ከጸሎት ጋር ወደ ላይ ይልከዋል። «መታጠን» ደግሞ የአራስ ቤት፣ የእንስራ፣ የጉንፋን ነው። እናት ለእርጎ የምታዘጋጀውን ቅል በወይራ ጢስ ታጥናለች። ጉንፋን የያዘው ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ በጋቢ ተሸፍኖ ይታጠናል። ስለዚህ አንድ ሰው በኅዳር 12 ማለዳ ደጃፉ ላይ እሳት ሲያነድ ካህን ነው ወይስ አስታማሚ ብሎ መለየት አይቻልም። ሁለቱንም ነው።

ይህን ልማድ አጉል እምነት ነው ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። ጢስ የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ እንደማይገድል እርግጥ ነው። ግን በ1911 ዓ.ም. ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ምን እንደሆነ በለንደንና በፓሪስ የነበሩ ሊቃውንትም አላወቁትም ነበር፤ ቫይረሱ ከሰው የተለየው ከዚያ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከዚህም በላይ ያ ትውልድ ለወደፊቱ ያቆየው ነገር ቀላል አይደለም። ከተማ ሙሉ ሕዝብ በዓመት አንድ ቀን ቤቱንና ደጁን የሚያጸዳበት ቀን ተከለ። ቀኑንም ከጸሎት ጋር አሰረው። ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ከ100 ዓመት በላይ የዘለቀው ሰው የማይረሳውን በዓል ስለያዘ ነው።

የእድርም ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። የሞተን ሰው ጎረቤት ተረባርቦ በወጉ የሚቀብርበት ይህ ማኅበር በአዲስ አበባ ሥር የሰደደው በዚያው በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ነው፤ ከጣልያን ወረራ በኋላ ደግሞ በየሰፈሩ ተስፋፋ። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ የጋራ ነው። የእድር ጥሩምባ በማለዳ ሲነፋ ማን ሞተ ብሎ የሚወጣው ሰው ብቻውን እንደማይቀበር ያውቃል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲነገር ብዙ አረጋውያን አያቶቻቸው ያወሩላቸውን የኅዳር በሽታ አነሡ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ካህናት ማዕጠንት ይዘው እያጠኑ ሲዞሩ ታዩ። ከመጋቢት 28 ጀምሮ ደግሞ በሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ጥሪ ለአንድ ወር አገር አቀፍ ጸሎት ታወጀ፤ የኦርቶዶክሱም፣ የካቶሊኩም፣ የወንጌላውያኑም፣ የሙስሊሙም ጸሎት ተራ በተራ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ምእመናን ሰሙነ ሕማማትንና ሚያዝያ 11 የዋለውን ትንሣኤ ቤታቸው ሆነው እንዲያሳልፉ ተጠየቁ። ለኢትዮጵያ ክርስቲያን ይህ ከባድ ነበር፤ ሁዳዴን ጾመው ሌሊቱን በቅዳሴ ሳይቆሙ የፈሰኩበትን ትንሣኤ ብዙዎች አልቅሰው አሳለፉት። ግን በየቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ቆመ፤ በየመንደሩ ወጣቶች ዱቄትና ዘይት እያሰባሰቡ ሥራ ለቆመባቸው አደረሱ። ከጸሎቱ ጎን እንደ ጥንቱ ሥራ ነበር።

ከክፉ ቀኑ ወረርሽኞች አንዱ ለዘላለም ሄዷል። በሬውን የጨረሰው «ደስታ» በ2003 ዓ.ም. ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተረጋግጦ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ልጅ ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ግን ዛሬም በየዓመቱ ይመጣል።

የኅዳሩ ጢስም ተለውጧል። የ1911 እሳት የበላው ገለባና ጨርቅ ነበር፤ የዛሬው እሳት የሚበላው ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክና ጎማ ነው። የዚህ ጢስ ሽታው ራሱ ይናገራል፤ አስም ያለበትን ያፍናል፤ ሕፃንን ያስላል። በሽታ ለማራቅ የተተከለ ቀን በሽታ ማምጣት የለበትም። ስለዚህ በመጪው ኅዳር 12 ቤታችሁን ስትጠርጉ ፕላስቲኩንና ጎማውን ለይታችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጡ፤ ቅጠሉንና ገለባውን አጥኑ። በሰፈራችሁ አቅም ያጣ አዛውንት ካለ የእሱንም ደጅ ጥረጉለት። ስለ ኅዳር በሽታም ሆነ ስለ ክፉ ቀን ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ በወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ያንን ወር በዓይኑ ያየ ሰው አሁን በሕይወት የለም።